ያልተፈቀደ ሣቅ፦ ስለ 1967ቱ «ካዚኖ ሮያል»

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ «ይፋዊ» ወይም «ይፋዊ ያልሆነ» የሚል ስም የሚሰጠው ይዘቱ ተመዝኖ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የባለቤትነቱ ወረቀት በማን መሳቢያ ውስጥ እንደሚገኝ ታይቶ ነው። ከ1962 እስከ 2021 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 25 ፊልሞች የተሠሩለት የእንግሊዛዊው ሰላይ የጄምስ ቦንድ ታሪክ ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ከ25ቱ ቆጠራ ውጭ ከቀሩት ጥቂት ፊልሞች አንዱ በሚያዝያ ወር 1967 ለንደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ካዚኖ ሮያል» ነው። ይህ ፊልም ቦንድን አያወድስም፤ ይሣለቅበታል። ልብሱን፣ ሽጉጡን፣ ቁጥሩንና በዙሪያው የሚሰለፉትን ቆነጃጅት ሁሉ ተውሶ በራሱ በባለቤቱ ላይ ይስቃል። ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የተሰጠው ፍርድ ከባድ ነው። ዝብርቅርቅ፣ አባካኝ፣ መነሻውና መድረሻው የማይገናኝ ተብሏል። አሜሪካዊው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ራሱን በማሞላቀቅ ረገድ አቻ የማይገኝለት ፊልም ሳይሆን አይቀርም የሚል አስተያየት ሰጥቶበታል።

ይህ ፍርድ በከፊል እውነት ነው፤ በከፊል ግን ሥራውን በማይገባው ሚዛን ከመመዘን የመጣ ነው። ፌዝ ዋጋ የሚያገኘው የሚያፌዝበትን ነገር ያህል አምሮና ተስተካክሎ በመገኘቱ ሳይሆን፣ ያ ነገር ሸፍኖ የያዘውን ገልጦ በማሳየቱ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የ1967ቱ «ካዚኖ ሮያል» ይፋዊዎቹ ፊልሞች በዘመኑ ሊናገሩት የማይችሉትን አንድ ትልቅ ነገር ተናግሯል። ጄምስ ቦንድ ሰው ሳይሆን ስም ነው፤ ስሙም የሚሸጥ፣ የሚወረስና በማንም ትከሻ ላይ የሚደረብ ካባ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ መጽሐፉ መመለስ ያስፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ ባሕር ኃይል የስለላ ክፍል ያገለገለው ኢያን ፍሌሚንግ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን «ካዚኖ ሮያል» ብሎ ያሳተመው በ1953 ነበር። ዘመኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1951፣ ጋይ በርጀስና ዶናልድ ማክሌን የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ዲፕሎማቶች ለሶቭየት ኅብረት ሲሰልሉ ኖረው ሊያዙ ሲሉ ከአገር ጠፍተዋል። ህንድ በ1947 ከእጅ ወጥታለች፤ የስዊዝ ውርደትም በ1956 ሊመጣ ሦስት ዓመት ብቻ ቀርቶታል። ፀሐይ አይጠልቅበትም ይባል የነበረው ግዛት ከቀን ወደ ቀን እየተሸራረፈ በነበረበት በዚያ ሰዓት፣ አንድ እንግሊዛዊ ሰላይ በቁማር ጠረጴዛ ላይ የጠላትን ካዝና ሲያራግፍ ማንበብ ለአገሬው አንባቢ ምን ያህል መጽናኛ እንደነበረ መገመት አያስቸግርም።

ይሁንና ይህ የመጀመሪያ መጽሐፍ በኋላ ፊልሞቹ እንዳደረጉት በድል የሰከረ አይደለም። ለ ሺፍር የተባለው ባላንጣ በፈረንሳይ የአንድ የሠራተኞች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ለሶቭየት ኅብረት የሚሠራ ሰው ነው። የማኅበሩን ገንዘብ በሴተኛ አዳሪ ቤቶች ንግድ ላይ አውሎ ይከስርና ጉድለቱን ባካራ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ለመሙላት በሰሜን ፈረንሳይ ወደሚገኝ ካዚኖ ይመጣል። ቦንድ የሚላከው በካርታ ረትቶ እንዲያዋርደው ነው። ይረታዋልም፤ ነገር ግን የመንግሥቱ ገንዘብ በጨዋታው መካከል አልቆበት ያሸነፈው በአሜሪካኖች ገንዘብ ነው። ከዚያም ተይዞ ይሠቃያል፤ ከሞት የሚያተርፈውም የራሱ ወገን ሳይሆን ለ ሺፍርን ሊቀጣ የመጣ የሶቭየት ነፍሰ ገዳይ ነው። ያፈቀራት ቬስፐር ሊንድ ለጠላት ስትሠራ መኖሯ ይታወቅና ራሷን ትገድላለች። ከሁሉም በላይ፣ ቦንድ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለፈረንሳዊው ባልደረባው ለማቲስ ሥራውን ሊለቅ መፈለጉን ይነግረዋል። ጀግናውና ወንጀለኛው ቦታ እየተለዋወጡበት ማን ማን እንደሆነ መለየት ተስኖታል። ማቲስ ያግባባውና ሐሳቡን ያስለውጠዋል፤ ግን ጥያቄው አንድ ጊዜ ተጠይቋል። ፌዘኛው ፊልም መጽሐፉን አበላሸ የሚሉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቢያስታውሱ መልካም ነበር። በቦንድ ላይ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ የዘራው ፍሌሚንግ ራሱ ነውና።

የፊልም መብቱ ታሪክ ደግሞ ብኩርናውን በምስር ወጥ የሸጠውን የኤሳውን ታሪክ ያስታውሳል። ፍሌሚንግ በ1954 የዚህን መጽሐፍ የቴሌቪዥን መብት ለአሜሪካው ሲ ቢ ኤስ በ1,000 ዶላር ሸጠ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ባሪ ኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ «ጂሚ ቦንድ» ሆኖ፣ ፒተር ሎሪ ለ ሺፍር ሆኖ በቀጥታ ሥርጭት ተጫወቱት። እንግሊዛዊው ሰላይ ገና ከመጀመሪያው የስክሪን ቀኑ አሜሪካዊ ሆኖ መቅረቡ ራሱ ያልታሰበ ፌዝ ነበር። በ1955 የሲኒማ መብቱን ግሪጎሪ ራቶፍ የተባለ ተዋናይና ዳይሬክተር በ6,000 ዶላር ገዛው። ራቶፍ ፊልሙን ሳይሠራ በ1960 ሞተና መብቱ ከቤተሰቡ ወደ ቻርልስ ፌልድማን እጅ ገባ። ፌልድማን የታወቀ የተዋናዮች ወኪልና ፕሮዲዩሰር ሲሆን፣ ለምሳሌ ያህል በቴነሲ ዊልያምስ ተውኔት ላይ የተመሠረተውን የ1951ዱን «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» ያሠራ ሰው ነው።

ስለዚህ አልበርት ብሮኮሊና ሃሪ ሳልትስማን ኢዮን የተባለውን ድርጅት አቋቁመው የቦንድን መጻሕፍት መብት ሲሰበስቡ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከእጃቸው ውጭ ነበር። ተከታታዩን በ1962 በ«ዶክተር ኖ» ጀመሩ። ፊልሙ ለንደን ላይ በታየበት በዚያው በጥቅምት ወር የኩባ የሚሳይል ቀውስ ዓለምን ወደ ጥፋት አፋፍ አድርሷት ነበር። «ፍሮም ራሻ ዊዝ ላቭ» በ1963፣ «ጎልድፊንገር» በ1964፣ «ተንደርቦል» በ1965 ተከተሉ። ገንዘቡ ጎረፈ፤ ሾን ኮነሪም የዓለም ገጽታ ሆነ። እነዚህ ፊልሞች አንድ ብልሃት ነበራቸው፤ የመጽሐፎቹን የሶቭየት ጠላት ወደ ጎን ብለው «ስፔክተር» በሚባል አገር የለሽ የወንጀለኞች ማኅበር ተኩት። በዚህም ቀዝቃዛው ጦርነት ከነሥጋቱ ቀረና ውበቱ ብቻ ለገበያ ቀረበ ማለት ይቻላል።

ፌልድማን በመጀመሪያ ፌዝ ለመሥራት አላሰበም። ከብሮኮሊና ከሳልትስማን ጋር በጋራ ሊሠራ ተደራድሮ ነበር፤ ብሮኮሊ ቀደም ሲል በፌልድማን የወኪልነት ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የሠራ ሰው በመሆኑ እንግዳ ለእንግዳ አልነበሩም። ድርድሩ ፈረሰ። ኮነሪን ለብቻው ሊያስመጣ ሞከረ፤ ኮነሪ 1 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀውና ተለያዩ። በኋላ የፊልሙ ወጪ ጣሪያ ሲነካ ፌልድማን የተጠየቀውን መክፈል ይረክስለት እንደነበር ተናግሯል ይባላል። እንግዲህ ከፊቱ የቀረው ምርጫ ሁለት ነበር። ያለ ኮነሪ አንድ ተጨማሪ የቦንድ ፊልም ሠርቶ የቅጂ ቅጂ መሆን፣ ወይም ቦንድነትን ራሱን የፊልሙ ርእስ ማድረግ። ሁለተኛውን መረጠ። ዲቃላ ተብሎ የተናቀው ፊልም የበኩሩን ልጅ ስም በሕግ ይዞ ተወለደ። ያልተፈቀደ የሚባለውም ከዚህ አንጻር ብቻ ነው፤ ከሕግ ወገን የጎደለው ነገር አልነበረም። የጎደለው የተከታታዩ ባለቤቶች ቡራኬ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ሊታወሱ ይገባል። አንደኛው ቤን ሄክት ነው። ይህ አንጋፋ የሆሊውድ ጸሐፊ በሚያዝያ 1964 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ለፌልድማን በርካታ ረቂቆችን ጽፏል፤ ወረቀቶቹም ቺካጎ በሚገኘው ኒውበሪ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የሄክት ረቂቆች በአብዛኛው ከባድና ቁም ነገረኛ ናቸው። ዋናው ቦንድ ከሞተ በኋላ ጠላትን ለማደናገር ስሙ ለሌላ ሰላይ ይሰጣል የሚለው ሐሳብ ግን ከእነርሱ ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው ዎልፍ ማንኮዊትስ ነው። ብሮኮሊንና ሳልትስማንን ያስተዋወቃቸው፣ በ«ዶክተር ኖ» የመጀመሪያ ረቂቅ ላይም ሠርቶ ስሙ እንዲወጣ ያስደረገው እርሱ ነበር። በ1967ቱ ፊልም ላይ ግን ስሙ ከጸሐፊዎቹ መካከል ይነበባል። የይፋዊው ተከታታይ አዋላጅ በፌዙ ላይ መገኘቱ በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ በአንድ ነገር ላይ አሳምሮ የሚሣለቅ ሰው ጓዳውን የሚያውቅ ሰው ነውና።

ቀረጻው በጥር 1966 ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለብቻው ፊልም ይወጣዋል። ጆን ሂውስተን፣ ኬን ሂዩዝ፣ ቫል ጌስት፣ ሮበርት ፓሪሽና ጆ መግራዝ የተባሉ አምስት ዳይሬክተሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ክፍል በሼፐርተን፣ በፓይንዉድና በቦረሃምዉድ ስቱዲዮዎች ቀረጹ። አንዱ ሌላው ምን እንደሠራ በሚገባ አያውቅም ነበር። 6 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ የታሰበው ወጪ ወደ 12 ሚሊዮን ደረሰ።

የመከራው ማእከል የቁማር ጠረጴዛው ነበር። በአንዱ ጎን ፒተር ሴለርስ፣ በሌላው ጎን ለ ሺፍር ሆኖ ኦርሰን ዌልስ ሊቀመጡ ይገባ ነበር። ሁለቱ ተጣሉ፤ ሴለርስም ከዌልስ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አልሠራም አለ። በመሆኑም የታሪኩ ሁሉ እምብርት የሆነው ግጥሚያ በአብዛኛው በተለያየ ጊዜ፣ አንዱ ባዶ ወንበር እያየ ሲናገር፣ ሌላው ለባዶ ወንበር ሲመልስ ተቀረጸ። ዌልስ በበኩሉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደውን የምትሃት ጨዋታ በትዕይንቱ ውስጥ እንዲያሳይ ጠይቆ ተፈቀደለት። ሲኒማን የሚያውቅ ተመልካች ይህን ትዕይንት ዛሬ ሲያይ አንድ እንግዳ ስሜት ያድርበታል። ሁለት ታላላቅ ተዋንያን ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ ግን አይተያዩም። ሴለርስ ሚናውን ያለ አንዳች ቀልድ፣ እንደ እውነተኛ ጀግና ሊጫወተው ይፈልግ ነበር ይባላል። ቀልደኛው ተዋናይ በፌዝ ፊልም ውስጥ ጀግና ለመሆን መመኘቱ የቦንድ ስም የያዘውን የማማለል ኃይል ከማንኛውም ትንተና ይልቅ ያስረዳል።

ሴለርስ ክፍሉን ሳይጨርስ ሄደ። ቫል ጌስት ቀዳዳውን ለመድፈን በዴቪድ ኒቨንና በኡርሱላ አንድረስ ዙሪያ አያያዥ ትዕይንቶችን ቀረጸ፤ ሴለርስ መታየት በሚገባው በመጨረሻው ክፍል ላይ ከካርቶን የተቆረጠ ምስሉ ቆመለት። ሐያስያን ይህን የውድቀት ምልክት አድርገው ይጠቅሱታል። ነገር ግን ስለ ቦንድ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ምስል የት ይገኛል? በ1967 ጄምስ ቦንድ በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚታይ ካርቶን ነበር። ይህ ታስቦበት የተደረገ አይደለም፤ ሆኖም በኪነ ጥበብ ዓለም አጋጣሚ ከደራሲው የላቀ ማስተዋል የሚያሳይበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ፊልሙ እንግባ። የብሪታንያ፣ የአሜሪካ፣ የሶቭየት ኅብረትና የፈረንሳይ የስለላ አለቆች አንድ ላይ ሆነው በገጠር ርስቱ ወደሚኖረው ጡረተኛ ወደ ሰር ጄምስ ቦንድ ይሄዳሉ። ባላንጣዎቹ አንድ ሆነው የመጡበት ምክንያት ሰላዮቻቸው እያለቁ በመሆኑ ነው። እነርሱ እርስ በርስ ከሚፈላለጉት በላይ ሥራቸው እንዳይቆም ይፈራሉ። ኒቨን የሚጫወተው ሰር ጄምስ ፒያኖ የሚመታ፣ ሲናገር የሚንተባተብ፣ ማታ ሃሪን አፍቅሮ ለጥይት ያበቃ፣ ከዚያም ወዲህ ሴት ያልነካ ጨዋ ሽማግሌ ነው። ፍሌሚንግ ራሱ በጊዜው ቦንድን ቢጫወቱልኝ ብሎ ካሰባቸው ተዋንያን አንዱ ኒቨን መሆኑን ስናስታውስ የምርጫው ምፀት ይጎላል። ሰር ጄምስ ስሙንና ቁጥሩን ወስዶ በዓለም ላይ የሚዘለውን ወጣት፣ የቆነጃጅት ሬሳ ከኋላው እያነጠፈ የሚሄደውን ያን ሰው ይጸየፈዋል። ኮነሪ በስም አልተጠራም፤ መጠራትም አላስፈለገውም።

ሽማግሌው አልመለስም ሲል የገዛ አለቃው ቤቱን በሞርታር ያስደበድበዋል። በድብደባው የሚሞተው ያው አለቃ ራሱ ነው፤ ከእርሱም የሚተርፈው ሰው ሠራሽ ጸጉሩ ብቻ ነው። ሰር ጄምስ ያንን ጸጉር ለሟቹ ቤተሰብ ለማድረስ ስኮትላንድ ድረስ ይጓዛል። አንድ መንግሥት ታማኝ አገልጋዩን እንዴት ወደ ሥራ እንደሚመልስ፣ የሥልጣንም ቅርስ ምን እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ ያጠረ ትዕይንት መጻፍ ለማንኛውም ጸሐፌ ተውኔት ያስቸግራል።

ሰር ጄምስ የአለቃውን ወንበር ሲረከብ የሚሰጠው ትእዛዝ የፊልሙ ቁልፍ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ሰላይ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ጄምስ ቦንድ 007 ተብሎ ይጠራል። ስለ ባካራ መጽሐፍ የጻፈው ኢቭሊን ትሬምብል ቦንድ ይሆናል፤ እርሱን የምትመለምለው ቬስፐር ሊንድም ቦንድ ናት፤ የሰር ጄምስና የማታ ሃሪ ልጅ ማታ ቦንድም እንዲሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊም ሳትቀር። በዚህች አንዲት ብልሃት የጀግናው ልዩነት ይተናል። ሁሉም ቦንድ ከሆነ ቦንድ ማንም አይደለም። ይፋዊው ተከታታይ ይህን ለማለት አይችልም ነበር፤ ሀብቱ በሙሉ የተመሠረተው አንድ ቦንድ ብቻ አለ በሚለው እምነት ላይ ነበርና።

ማታ ቦንድ ወደ በርሊን የምትሄድበት ክፍል ደግሞ ከፊልሙ ሁሉ የበሰለው ነው። በሮቹ የተጣመሙ፣ ግድግዳዎቹ የዘመሙ፣ በ1920ዎቹ የጀርመን ኤክስፕረሺኒስት ፊልሞች አምሳል የተሠራ የሰላዮች ትምህርት ቤት ውስጥ ሐራጅ ይካሄዳል። የሚሸጠው ለ ሺፍር የሰበሰባቸው የጦር አዛዦችና የባለሥልጣናት አሳፋሪ ፎቶግራፎች ናቸው። ተጫራቾቹ የአሜሪካ፣ የሶቭየት ኅብረት፣ የብሪታንያና የቻይና መኮንኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ የሌላውን ነውር ለመግዛት፣ የራሱንም ለማስመለስ ዋጋ ይሰቅላል። አጫራቹ ቭላዴክ ሼይባል ከአራት ዓመት በፊት በይፋዊው «ፍሮም ራሻ ዊዝ ላቭ» የስፔክተርን ሴራ የቀመረውን የቼዝ ሊቅ የተጫወተ ተዋናይ ነው። የበርሊን ግንብ ከተሠራ አምስትና ስድስት ዓመት ባልሞላበት ጊዜ፣ የከተማይቱን መከራ የመኝታ ቤት ፎቶግራፎች ጨረታ አድርጎ ማሳየት ለአንዳንዱ ድፍረት፣ ለሌላው ብልግና መስሎ ታይቷል። ግን ስለላ የርዕዮተ ዓለም ጦርነት ነው ሲባል በኖረበት ዘመን፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ የሚገበያየው ኃፍረት መሆኑን መናገር ከድፍረትም በላይ ነበር።

የስመርሽ አለቃ ዶክተር ኖዋ ማን ሆኖ ይገኛል? የቦንድ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ጂሚ፣ ማለት ዉዲ አለን! ከ1.37 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ወንድ ሁሉ የሚገድልና ሴቶችን ሁሉ የሚያሳምር ባክቴሪያ ሊረጭ፣ የዓለም መሪዎችንም በሮቦቶች ሊተካ ያቅዳል። አጭሩ፣ መነጽረኛውና ፈሪው ሰው ዓለምን የሚያጠፋው በአጎቱ ፊት ያጣውን ክብር ለማግኘት ነው። ፊልሙ በተሠራበት ጊዜ የእንግሊዝ ተመልካች ከፍተኛው የስለላ ሹም ኪም ፊልቢ በ1963 ሞስኮ መግባቱን ያውቃል፤ ጆርጅ ብሌክም በጥቅምት 1966 ከለንደን እስር ቤት ግንብ ዘሎ አምልጧል። ኢዮን ጠላቱን አገር በሌለው ማኅበር ውስጥ ሲፈልግ፣ ፌዘኛው ፊልም በቤተሰቡ ውስጥ አገኘው። ከሁለቱ የትኛው ለታሪክ እንደቀረበ ለመፍረድ የሰላይ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ለፊልሙ መከራከር ግን ጉድለቱን መሸፈን አይደለም። ሰር ጄምስ ሴቶችን እንደ ጌጥ የሚቆጥረውን ተተኪውን ሲነቅፍ፣ ካሜራው ራሱ ግማሽ እርቃናቸውን የሆኑ ሴቶችን በሰልፍ እያሳየ ይጠግባል፤ የሚያወግዘውን እየበላ የሚያወግዝ ሥራ ነው። የማታ ቦንድ የቤተ መቅደስ ጭፈራና በመጨረሻው ትርምስ ላይ በፓራሹት የሚወርዱት የአሜሪካ ቀይ ሕንዶች ከዚያ ዘመን የምዕራባውያን ንቀት አልጸዱም። ፍጻሜውም ፍጻሜ አይባልም፤ ላሞች ጠባቂዎች፣ ባሕር ድቦችና ፖሊሶች በካዚኖው ውስጥ ሲተረማመሱ ጂሚ የዋጠው የአቶም እንክብል በስቅታ እየተቆጠረ ይፈነዳና ሁሉም ይሞታሉ። ቦንዶቹ መንግሥተ ሰማያት ይገባሉ፤ ጂሚ ወደ ሲኦል ይወርዳል። ደራሲ መውጫ ሲጠፋው ቤቱን ማቃጠሉ የታወቀ ዘዴ ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር አለ። በይፋዊው ተከታታይ ቦምቡ ሁልጊዜ ሊፈነዳ ጥቂት ሰኮንዶች ሲቀሩት ይከሽፋል፤ በ«ጎልድፊንገር» ቆጣሪው ላይ 007 ሲነበብ ይቆማል። በ1967ቱ ፊልም ይፈነዳል። ከኩባ ቀውስ በኋላ የኖረ ትውልድ ከሁለቱ የትኛውን በሕልሙ ያይ እንደነበር ግልጽ ነው።

ተመልካቹ እንደ ሐያሲው አልጠላውም። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ደስቲ ስፕሪንግፊልድ የዘፈነችው የበርት ባካራክ ዜማም ለኦስካር ታጨ። ፌልድማን ግን ድካሙ ብዙ አላስኖረውም፤ በግንቦት 1968 ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ነው። በ1969 ኮነሪ ሲሄድ ጆርጅ ላዘንቢ ተተካ፤ ይፋዊውም ፊልም ገና ከመክፈቻው ትዕይንት አዲሱ ተዋናይ ይህ ያኛው ሰውዬ የማይደርስበት ነገር ነው ብሎ እንዲቀልድ አደረገ። ፌዙ ከሁለት ዓመት በፊት ያለውን ባለቤቱ ራሱ ደገመው። ሮጀር ሙር በ1973፣ ቲሞቲ ዳልተን በ1987፣ ፒርስ ብሮስናን በ1995፣ ዳንኤል ክሬግ በ2006 ካባውን እየተቀባበሉ ለበሱ። በ2021ዱ «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ደግሞ ቦንድ ከሥራ ወጥቶ ሳለ 007 የሚለው ቁጥር ለአንዲት ጥቁር ሴት ሰላይ ተሰጥቶ ይገኛል። ብዙዎች ይህን እንደ አዲስ ድፍረት አወሩለት፤ ጥቂቶችም ተቆጡ። ሴቶች 007 ተብለው ከተጠሩ 54 ዓመት ማለፉን ያስታወሰ ግን ብዙ አልነበረም።

የመብቱ ወረቀትም ጉዞውን ቀጠለ። በ1983 በሌላ የመብት ክርክር መነሻነት ኮነሪ ራሱ ከኢዮን ውጭ በተሠራው «ኔቨር ሴይ ኔቨር አጌይን» ተመልሶ መጣ። ያ ፊልም ከባለቤቶቹ ፈቃድ ውጭ የተሠራ ቢሆንም የተከታታዩን መልክ በታማኝነት ስለደገመ «ነውር» ብሎ የሚጠራው ሰው እምብዛም የለም። ያልተፈቀደ መሆን ብቻውን ቁጣ እንደማያስነሣ ከዚህ ይታያል፤ ያስቆጣው ሣቁ ነበር። የ«ካዚኖ ሮያል» መብት በ1999 ሶኒና ኤም ጂ ኤም በተባሉት ኩባንያዎች መካከል በተደረገ የፍርድ ቤት ስምምነት ወደ ተከታታዩ ወገን ገባ፤ በ2006ም ማርቲን ካምቤል ያለ ፌዝ ሠራው። ፍሌሚንግ የመጀመሪያ መጽሐፉን በሸጠ በ52ኛው ዓመት መሆኑ ነው። ኤም ጂ ኤም በ2022 በአማዞን ተገዛ፤ በ2025 ደግሞ የብሮኮሊ ልጆች የተከታታዩን የፈጠራ አመራር ለአማዞን እንደሚያስረክቡ አስታወቁ። የ1967ቱ «ካዚኖ ሮያል»፣ ከነካርቶኑ ሴለርስና ከነባዶ ወንበሩ፣ ዛሬ የሚሣለቅበት ሰላይ ከሚገኝበት ከዚያው ካዝና ውስጥ ተቀምጧል፤ በ25ቱ ዝርዝር ግን አሁንም የለበትም።